ኪሱ በቀኝ የሆነው ኮት

ቦንዳ ሲፈታ ያላየ ሰው ባሕር ዳርን አየሁ አይበል። በተለይ በዚያ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ከተማው ሁሉ ካኪ በለበሰበት፣ በኅብረት ሱቅ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጨርቅ በሚታደልበት ዘመን። ቅዳሜ ጠዋት የእትዬ ሐሊማ ቦንዳ የታሰረበት ሽቦ በጉጠት ተቆርጦ ሲፈናጠር፣ ከውስጡ የሚዘረገፈው ቀለም ዓይን ያስደነግጥ ነበር። ብርቱካንማው፣ ወይን ጠጁ፣ ዥንጉርጉሩ፣ ባለ አበባው! ማን እንደለበሰው የማይታወቅ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ልብስ፤ ስሙ ሳልባጅ። በአደባባይ የሚጠየፈው ሰው እንኳ ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ጎንበስ ይልና እጁን ይሰድዳል።

ሰገነት ግን ዞር ብላ አታይም። ማልዳ መጥታ ከፊት ትቆማለች። በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጣቶቿ ቃለ ጉባኤ ሲመቱ ይሰነብታሉ፣ ቅዳሜ ጨርቅ ይዳስሳሉ። ልብሱን እንደመጣ አይደለም የምታየው። የወንድ ሸሚዝ ስታይ ቀሚስ ይታያታል፣ ክራባት ስታይ ቀበቶ፣ መጋረጃ ስታይ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ሸሚዝ።

በዚያ ቅዳሜ ያየችው አንድ እጅጌ ነበር። ጥድ የመሰለ አረንጓዴ፣ ወፍራም ሱፍ። ያዘችና ሳበች። አልመጣም። ጠንከር አድርጋ ሳበች። እጅጌው መልሶ እሷን ሳባት።

ቀና ስትል፣ ከልብሱ ክምር ማዶ ሌላኛውን እጅጌ የያዘ ረጅም፣ ቀጭን ወጣት አየች።

«ልቀቀው እንጂ!» አለችው።

«አንቺ ልቀቂው። ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ማየት ሌላ፣ መያዝ ሌላ።»

«ይዣለሁ እኮ! ይኸው፣ እጄ ላይ ምን ይታይሻል?»

እትዬ ሐሊማ ከዱካቸው ላይ ሆነው ሳቁ። «ወላሂ፣ ይሄ ካፖርት ለሁለታችሁም ይተርፋል። የለበሰው ሰውዬ ግንብ የሚያህል ነበር መሰለኝ። በሉ ተስማሙና ውሰዱልኝ፤ አለዚያ ለሌላ ሰው ነው የምሸጠው።»

ወጣቱ እጅጌውን ሳይለቅ ልጅቷን በትዝብት አያት። ጥፍሮቹ ሥር የሞተር ዘይት ገብቷል። ሲናገር ግን ፈገግታው ይቀድማል።

«እኔ ጎርጎራ የምትመላለሰው መርከብ ላይ መካኒክ ነኝ። ጎህ ሲቀድ የጣና ብርድ እንዴት እንደሚያንዘፈዝፍ አታውቂም። አንቺስ ለምን ፈለግሽው?»

«ለጉርድ ቀሚስ።»

«ይሄን ሁሉ ካፖርት ለጉርድ ቀሚስ?»

ሰገነት አልመለሰችለትም። እሱ እጅጌውን እንደያዘ ካፖርቱን መሬት ላይ ዘረጋችው። በስንዝር ለካች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሰበች፤ ዓይኖቿ በሩ።

«ከወገብ በላይ ያለው ላንተ ኮት ይወጣዋል። ከወገብ በታች ያለው ለኔ። ሰፊዋ እኔ ነኝ፤ የእጄን አልጠይቅህም። ተስማማህ?»

«ትችይበታለሽ?»

ይህን ጥያቄ መጠየቅ አልነበረበትም። ብድግ አለችና ፊቱ ላይ አንድ ጊዜ ዞረችበት። ቀሚሷ ባለ ሰማያዊ መስመር ነው፣ አንገቱ ላይ ነጭ ኮሌታ አለው፣ ወገቡ ላይ ጠበቅ ብሎ ታች ሰፋ ይላል።

«ይሄ ምን ይመስልሃል?»

«ቀሚስ ነዋ! ቆንጆ ቀሚስ።»

«ባለፈው ወር የፍራሽ ልብስ ነበር።»

ወጣቱ ቀሚሱን ማየት ጀምሮ ነበር፣ ሳያስበው ዓይኑ ከቀሚሱ ወደ ፊቷ ሄደና እዚያው ቀረ። እጁ እጅጌውን ለቀቀ።

«አዘዘ እባላለሁ» አለ።

*

አሁን ስለ ሰገነት አባት መናገር ያስፈልጋል። እሳቸውን ሳያውቁ ይህችን ልጅ ማወቅ አይቻልምና።

አቶ ገብረ መስቀል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲከፈት ከድሬዳዋ የመጡ የጨርቅ መርማሪ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ዳስሰው የክሩን ውፍረት ይናገራሉ። ስለ ሳልባጅ የተነሣ እንደሆነ ግን ያ ጨዋ ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። «የሙት ልብስ!» ይላሉ። «እኛ ላባችንን አንጠፍጥፈን አዲስ ጨርቅ እናወጣለን፤ ሕዝቡ ከፈረንጅ ሬሳ የተገፈፈውን ይሻማል። እኔ ቤት አንዲት ክር አትገባም!»

ስለዚህ ሰገነት ጠዋት ከቤቷ የምትወጣው አባቷ ባመጡላት ፖፕሊን ነው። እትዬ ሐሊማ ቤት ትገባና ከልጃቸው ከዘይነት ክፍል ለውጣ ትወጣለች። ዘይነት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ናት፤ የስፌት መኪና አላት፣ አፏም አያርፍም። የፖፕሊኗ ሰገነት አንገቷን ደፍታ ትገባለች፣ የሳልባጇ ሰገነት በብስክሌቷ በዘምባባዎቹ ሥር እያለፈች ቢሮ ትደርሳለች። ካኪ የለበሱት የሥራ ባልደረቦቿ «ዛሬ ደግሞ ምን ለብሳ መጣች?» እያሉ መስኮት ላይ ይጠብቋታል። ደመወዟ ከማንም አይበልጥም። ነገር ግን በዚያ በር ስትገባ ልቧ ውስጥ የሚዘለው ደስታ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም።

አዘዘን የለካችው በዘይነት ግቢ፣ ማንጎው ሥር ነበር።

«እጅህን ዘርጋ። ትንፋሽህን ያዝ» አለችው ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ እያዞረች።

ያዘ። ከሜትሩ ሥር ልቡ ድው ድው ሲል ጣቶቿ ሰሙት። ቁጥሩን አየች፣ ረሳችው፣ እንደገና አየች።

«ስንት ልበል?» አለች ዘይነት እርሳሷን ይዛ። «ወይስ ዛሬ ቁጥር የለም?»

«ዝም በይ አንቺ!»

«ልተንፍስ?» አለ አዘዘ በታፈነ ድምፅ።

«ተንፍስ እንጂ፤ ልትሞትብኝ ነው እንዴ!»

ሦስቱም ሳቁ። ሰገነት ግን ማታ ቤቷ ገብታም ሜትሩን የያዘው ጣቷ ይሞቃት ነበር።

መርከቧ ስትሄድ ትሰፋለች፣ ስትመጣ ትለካዋለች። ካፖርቱን ስፌት በስፌት ተረተረችው። ከስፌቱ ሥር ፀሐይ ያልነካው ሱፍ ሲወጣ፣ አረንጓዴው ገና ትናንት የተነከረ ይመስል ነበር። ደስታዋን መቻል አቅቷት ዘይነትን ከወጥ ቤት ጠርታ አሳየቻት። ከዚያ በሳሙና ቁራጭ መስመር አሰመረች፣ ትንፋሿን ዋጠችና መቀሱን ከተተች።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገራት። የወንድ ኮት ሰፍታ አታውቅም። ካፖርቱ የደረት ኪስ አልነበረውም፤ ያለ ደረት ኪስ ደግሞ ኮት አይደምቅም። የት ይቀመጥ? ቢሮዋ ያሉት ወንዶች ሁሉ ደረታቸው ላይ ሁለት ሁለት ኪስ ያለው ካኪ ለባሾች ናቸው። ትዝ ያላት የአባቷ ኮት ነው፤ ያ ለዓመት በዓልና ለሽምግልና ብቻ ከሳጥን የሚወጣው፣ ባለ ቀጭን መስመር ጥቁር ሰማያዊ። አባቷ ሥራ ላይ ሳሉ አወጣችው፤ ከትከሻው እስከ ኪሱ፣ ከቁልፉ እስከ ኪሱ በጣቶቿ ለካች። እንዳለ ወስዳ አዘዘ ኮት ላይ አሰፈረችው።

*

ኮቱ ያለቀ ዕለት ወደ ወደቡ ይዛው ሄደች። መርከቧ ገና ገመዷን መጣሏ ነበር። አዘዘ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዘሎ ወረደ።

ሲለብሰው የጫኞቹ ጫጫታ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ አፏጨ። ትከሻው ልክ፣ ወገቡ ልክ፣ እጅጌው ልክ! ያ ቀጭን ልጅ ባንድ ጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ ቆመ። ሰገነት በደስታ እጆቿን አፏ ላይ ጫነች።

«ይሄ የኔ ነው?» አለ አዘዘ። «እኔ ነኝ ይሄ?»

መሐረቡን አወጣና የደረት ኪሱ ውስጥ ሊከት እጁን በግራ በኩል ሰደደ። ኪስ የለም። ደረቱን ዳበሰ። ጎንበስ ብሎ አየ።

«ኪሱ በቀኝ ነው እንዴ?»

«አዎ፤ ኮት ነዋ!»

«የኮት ኪስ በግራ ነው የሚሆነው፣ ሰገነት።»

«የአባቴ በቀኝ ነው። በዓይኔ አይቼ፣ በጣቴ ለክቼ ነው የሰፋሁት።»

አዘዘ ፈገግ አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ፈገግ አለ። «እንግዲያ አባትሽ ኮታቸውን አስገልብጠውታል። አጎቴ ጎንደር ልብስ ሰፊ ነው፤ ስንቱን ሲገለብጥ አይቻለሁ። አሮጌ ኮት ላዩ ሲነጣ ይተረተርና ውስጡ ወደ ውጭ ይወጣል፣ አዲስ ይመስላል። የግራው ኪስ ግን ዞሮ ቀኝ ይሆናል። እሱን መሸሸግ አይቻልም።»

የሰገነት ፊት ተለወጠ።

«የኔ አባት? አሮጌ ኮት? አባቴ ሌላ ሰው የነካውን አይነካም! ምን ታውቅና ነው?»

«ነውር አይደለም እኮ—»

«እኛ ቤት ነውር ነው! ስጠኝ፣ ኪሱን ላንሣው።»

«አይነሣም» አለ አዘዘ ኮቱን በሁለት እጁ ይዞ። «እኔ እንዲህ እንዳለ ወድጄዋለሁ።»

ብስክሌቷን አዙራ ሄደች። ከኋላዋ ስሟን ሲጠራ ሰማች። ልቧ «ዙሪ» አላት፤ አንገቷ እምቢ አለ። በማግስቱ መርከቧ ወጣች።

*

ቤት ስትደርስ በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ሄደች። ኮቱን መስኮቱ ጋ ወስዳ በልብስ ሰፊ ዓይን ተመለከተችው። በቀኙ ጠርዝ ላይ፣ ካልፈለጉት በቀር የማይታይ፣ በጥቁር ሰማያዊ ሐር የተደፈነ አንድ ስንጥቅ አለ። ኮቱ ሳይገለበጥ በግራ የነበረው የድሮው የቁልፍ ቀዳዳ ነው። ስፌቱ በጣም ደቃቅ ነበር፤ የሰፋው ሰው ተጨንቆበታል።

«አገኘሽው?» የሚል ድምፅ ሰማች።

እናቷ ወይዘሮ እናትዓለም በሩ ላይ ቆመዋል። ሰገነት ኮቱን መደበቅም መመለስም አቃታት። እናቷ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፣ የኮቱን ኮሌታ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«አባትሽ ከድሬዳዋ ሲመጣ ዘመድ የለው፣ ወገን የለው። እኔን ለመጠየቅ መራዊ ድረስ ሄዶ አባቴ ፊት መቀመጥ ነበረበት። አያትሽን ደግሞ ታውቂያለሽ፤ ሰውን ከጫማው ጀምሮ ነበር የሚመረምር። ይሄን ኮት ከማን እንደገዛው፣ ማን እንደገለበጠለት እስከዛሬ አላውቅም። አባቴ ዳሰሰና ‹መልካም ጨርቅ ነው፣ አዲስ ነው› አለ። እኔ በጓዳ መጋረጃ አሾልቄ ሳይ፣ ነጩን መሐረብ በቀኝ ኪሱ ሻጥ አድርጓል። አጎቴ ጸሐፊ ነበር፣ ሁልጊዜ ኮቱን ያስገለብጥ ነበርና ምልክቱን አውቀዋለሁ። ልቤ የሄደው ያን ዕለት ነው።»

«በአሮጌ ኮት ነው ልብሽ የሄደው?»

«ለኔ ብሎ እንዴት እንደተጨነቀ አየሁ እኮ፣ ልጄ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ነበር።»

ሰገነት ኮቱን ጭኗ ላይ አደረገችው። አባቷ ሳልባጅ ሲባል ለምን እንደዚያ እንደሚቆጡ አሁን ገባት። አሳዘኗት።

«አባዬ እንደምታውቂ ያውቃል?»

«አያውቅም። አንቺም እንዳትነግሪው። ተሸሽጎልኛል ብሎ ያምናል፤ ደስ ብሎት ይኑርበት።»

«አልነግረውም» አለች ሰገነት። ወዲያው ደግሞ ያ ሐይቅ ላይ ያለው ልጅ ትዝ አላት፤ እውነቱን በመናገሩ ያስቀየመችው።

*

መርከቧ የተመለሰች ዕለት ሰገነት ወደቡ ላይ ቆማ ነበር። አረንጓዴውን ጉርድ ቀሚስ ለብሳለች፤ ከካፖርቱ ገበር የተረፈውን ወይን ጠጅ ሐር ፀጉሯ ላይ አስራዋለች። አዘዘ ከመርከቧ አፍንጫ ላይ ሆኖ አያት። አረንጓዴውን ኮት ለብሷል። ገመዱ ሳይታሰር ዘለለ፤ ካፒቴን አበራ ከላይ ሆነው «ኧረ ይሄ ልጅ! ትሰምጣለህ!» ብለው ጮኹ።

ፊት ለፊት ቆሙ።

«ያልኸው እውነት ነው» አለች። «ግን ለማንም አትናገር።»

«ምን ብዬ ነበር?»

«አባቴ ኮት ላይ—»

«ረስቼዋለሁ እኮ። ጎርጎራ ድረስ ሳስብ የነበረው ሌላ ነገር ነው።»

«ምን?»

«ጉርድ ቀሚሱ እንዴት ሆኖ ይሆን እያልሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውሸቴን ነው። አንቺን ነው ሳስብ የከረምሁ። ሞተሩ ሲጮህ እንኳ ሰገነት ሰገነት የሚል ይመስለኛል። ሳትመጪ ብትቀሪ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር።»

ሰገነት ኪሱን በጣቷ ነካችው። የቀኙን። ውስጡ ያ መሐረብ አለ።

«እኔም ወድጄሃለሁ» አለች። እንዲህ በቀላሉ መባሉ ራሷን ገረማት፤ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ እሱም ሳቀ። በሐይቁ ዳር ጎን ለጎን ሄዱ። ውሃው ላይ ፔሊካኖቹ ይንሳፈፋሉ፤ መንገዱ ላይ ሰው ዞር እያለ ያያቸዋል። ከአንድ ካፖርት የወጡ ሁለት ልብሶች፣ አንዱ በሌላው አጠገብ፣ በዚያ ካኪ በሞላበት ከተማ!

ዞር ብለው ካዩአቸው ሰዎች አንዱ ከፋብሪካ በብስክሌት የሚመለሱ ሰው ነበሩ። ከኋላቸው መጥተው ፍሬን ያዙ። ልጃቸውን አወቋት። የጨርቅ መርማሪ ናቸውና ልብሱንም አወቁት። ብስክሌታቸውን አዙረው በሌላ መንገድ ሄዱ።

ለራት ሲቀርቡ አቶ ገብረ መስቀል እጃቸውን ሳይሰድዱ «የዚያ ልጅ ኮትና ያንቺ ጉርድ ቀሚስ ከአንድ ጨርቅ ነው የተቆረጠው» አሉ። «እንዲህ ያለ ሱፍ ደግሞ እዚህ አገር አይሠራም። ሳልባጅ ነው። ልጄን የሙት ልብስ አልብሶ ከተማውን አዞራት!»

«አባዬ፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የመረጥሁትም እኔ—»

«በቃ!»

መልሱ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር አባቷ ዝም ይሉ ነበር። ሰገነት እናቷን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ አልተናገረችም።

*

አዘዘ ሽማግሌ ላከ። የእትዬ ሐሊማ ባል ሐጂ ኑርሑሴንና ካፒቴን አበራ እሁድ ጠዋት ደጅ ቆሙ። ሐጂ ኑርሑሴንን ከተማው ሁሉ ያከብራቸዋል፤ አቶ ገብረ መስቀልም እንደ ሌላ ሰው ሊመልሷቸው አልቻሉም።

«እርስዎን አላሳፍርም፣ ሐጂ። የሚመጣው እሁድ ልጁን ይዛችሁልኝ ኑ፤ በዓይኔ ልየው። ልጄን በሳልባጅ ሊያኖራት ከሆነ ግን በመጣበት በር ይመለሳል። ነገሩም በዚያው ያበቃል።»

ሰገነት ይህን ስትሰማ ወደ ዘይነት ቤት በረረች። የዘይነት ወንድም ሰላሁዲን ከአዲስ አበባ ያሰፋው አዲስ ግራጫ ኮት አለው፤ አዋሳት። አዘዘ ሲመጣ ኮቱን ይዛ ጠበቀችው።

«ይሄን ትለብሳለህ።»

«የኔስ?»

«የኔን ኮት ለብሰህ አባቴ ፊት እንዳትቀመጥ፣ በሞቴ! ኪሱን ሲያየው ልናዋርደው የመጣን ይመስለዋል። እናቴም ስንት ዘመን የጠበቀችው ነገር ይፈርሳል። እኔም አንተን አጣለሁ። ገባህ?»

አዘዘ ግራጫውን ኮት ተቀበላት። ግን «እሺ» አላለም።

እሁድ ደረሰ። ሰገነት ጓዳ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች፤ እናቷ እንዲሁ በመራዊ እንደቆሙት። አባቷ ሽማግሌ ሊቀበሉ ነውና ጥቁር ሰማያዊውን ኮታቸውን ለብሰው፣ ነጭ መሐረብ ሻጥ አድርገው ተቀምጠዋል። በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ኑርሑሴን ገቡ። ካፒቴን አበራ ገቡ። ከኋላቸው አዘዘ ገባ።

አረንጓዴውን ለብሷል።

ሰገነት የመጋረጃውን ጨርቅ ጨበጠች። ያጣችው መሰላት።

አዘዘ እጅ ነሥቶ፣ ተቀመጥ ሲባል ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ አንዱ ወጣት፣ የሁለቱም ኪስ በቀኝ። አቶ ገብረ መስቀል ሊናገሩ የጀመሩትን ተዉት። ዓይናቸው ከኮቱ ላይ አልነሣ አለ። ካፒቴን አበራ ሳሉ።

«ኮትህን የት አስገለበጥከው?» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ሻካራ ነበር።

«አልተገለበጠም፣ ጋሼ።»

«አትዋሸኝ። ኪሱ በቀኝ ነው።»

አዘዘ ተነሣ፣ ኮቱን አወለቀና በሁለት እጁ አቀረበላቸው። «ይዩት።»

አቶ ገብረ መስቀል ተቀበሉ። ውስጡን ገለበጡ፣ የስፌቱን መስመር በአውራ ጣታቸው ተከተሉት፣ የቀኙን ጠርዝ ዳሰሱ፣ ወደ ብርሃን አነሡት። የተደፈነ ስንጥቅ የለም።

«አልተገለበጠም» አሉ ለራሳቸው። «ታዲያ ኪሱ ለምን እዚህ ሆነ?»

«የሰፋችው ሰገነት ናት። የወንድ ኮት ሰፍታ አታውቅም ነበር። በሕይወቷ ልብ ብላ ያየችው ኮት የእርስዎን ብቻ ነው። ኮት ማለት የአባቴ ኮት ነው ብላ እሱን ለክታ ሰፋች።»

አዘዘ ቀጠለ።

«አዲስ ኮት ተውሼ ነበር። እሱን ልበስ ብላም ለምናኛለች። እስከ ደጅዎ ድረስ ይዤው መጣሁ። ግን በተውሶ ኮት የሰው ልጅ ስጡኝ ማለት አልቻልሁም።»

የአቶ ገብረ መስቀል እጅ ቀስ ብሎ ወደ ራሳቸው ደረት ሄደ፣ ኪሳቸውን ሸፈነው። እዚያው ቆየ። ከዚያ ወረደ።

«እኔ መራዊ ላይ ችዬው ነበር» አሉ። «የሰው አሮጌ አስገልብጬ፣ አዲስ ነው ብዬ።»

ሐጂ ኑርሑሴን መሬት መሬት አዩ። አቶ ገብረ መስቀል ግን ፊታቸው ላይ የተቋጠረው ነገር እየተፈታ ሄደ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰገነት አለቀሱ ብላ ደነገጠች። እየሳቁ ነበር። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይስቁ ነበር።

«እናትዓለም!» ብለው ተጣሩ። «ነይማ እስቲ!»

ወይዘሮ እናትዓለም ከጓዳ ወጡ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«መራዊ መሐረቡን ሻጥ አድርገህ ስትገባ ነው ያወቅሁት።»

«እና ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም አልሽኝ?»

«አገባሁህ እኮ። ሌላ ምን ልበልህ?»

ካፒቴን አበራ ከት ብለው ሳቁ፤ ቤቱ ሁሉ ተከተላቸው። አቶ ገብረ መስቀል ተነሡ፣ አረንጓዴውን ኮት ዘርግተው ያዙለት፣ አዘዘም ጀርባውን ሰጥቶ እጆቹን አስገባ። ትከሻውን አስተካከሉለት። ኪሱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ስፌቱ እንከን የለውም» አሉ። ቀጥሎም ወደ መጋረጃው ዞሩ፦ «ሰገነት! እዚያ ቆመሽ መጋረጃዬን እንዳትቀጂው። ውጪ፣ እንግዶችሽን ተቀበይ።»

*

ሰርጉ ላይ አባቷ ከፋብሪካው ምርጡን ነጭ ጨርቅ አመጡ፤ ሰገነት ከእትዬ ሐሊማ ቦንዳ የወጣ የዳንቴል መጋረጃ ጨመረችበት። ሁለቱ ተዋሕደው የወጡበትን ቀሚስ ያየች የባሕር ዳር ሴት ሁሉ ሰፊው ማን እንደሆነ ጠየቀች። አዘዘ አረንጓዴውን ኮት አላወልቅም አለ። አቶ ገብረ መስቀልም ጥቁር ሰማያዊውን ለብሰው፣ መሐረባቸውን ከወትሮው ከፍ አድርገው ሻጥ አደረጉ።

ፎቶ አንሺው ፊልሙን ሲያጥብ ደነገጠ። የሙሽራውም የአባትየውም ኪስ በቀኝ ነው! ፊልሙን ገልብጬ አጥቤዋለሁ ብሎ አሰበና፣ አዙሮ እንደገና አተመው። ኪሶቹ በግራ ሆኑለት። በሰርጉ ከአዘዘ ቀኝ የቆመችው ሰገነት ግን በግራው ቆማ ተገኘች። ግራ ቢገባው ሁለቱንም ፎቶዎች ይዞ እነሰገነት ቤት መጣ።

«የትኛው ነው ትክክሉ፣ ጋሼ?»

አቶ ገብረ መስቀል መነጽራቸውን አደረጉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው ብዙ ጊዜ አዩአቸው። ሰገነትና አዘዘ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ።

«ይሄኛው ነው» አሉ፣ ኪሱ በቀኝ ያለውን እያነሡ። «ይሄንኛውን አጉላልኝና በር ላይ ሲገቡ የሚታይበት ቦታ እሰቅለዋለሁ።»